«አለኝ»፣ «አለብኝ»፣ «አሳጠብኩ»፦ ሁሉም በ«ሃቭ» ነው እንዴ?

ጥያቄ (ከሀዋሳ)
እህታችሁን አስረዱኝ። ሐይቁ ዳር ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። የእንግሊዝኛው «ሃቭ» ማለት «አለኝ» ነው ተብለን ነው የተማርነው፤ እንግዶች ግን «ሃቭ ቱ»፣ «ሃዝ ጎን»፣ «ሃድ ኢት ዋሽድ» እያሉ ሌላ ሌላ ነገር ይሉባታል።

መልስ 1
መጀመሪያ ቅርጿን ጨርሻት፤ ሃቭ፣ ሃዝ፣ ሃድ፣ ሃቪንግ፣ በቃ። «ሃዝ» ከ«ሂ»፣ «ሺ» እና «ኢት» ጋር ነው። ጥያቄው በ«ዳዝ» ከጀመረ ግን ወደ «ሃቭ» ይመለሳል፦ «ዳዝ ዘ ሩም ሃቭ ኤ ባልኮኒ?» ያቺ «ዝ» «ዳዝ» ላይ ወጥታለች፣ ሁለቴ አትከፈልም።

ቀጥሎ አማርኛሽን ተጠቀሚበት። «አለኝ» ውስጥ «ብ» ስትገባ «አለብኝ» ይሆናል፤ እንግሊዝኛው «ቱ» ይጨምራል፦ «አይ ሃቭ ቱ ፔይ»፣ መክፈል አለብኝ። ሲነገር «ሃፍ ቱ» ስለሚሆን ነው ጆሮሽ የሚያመልጠው። ወጥመዱ አሉታው ላይ ነው። «እዚህ ማጨስ የለብዎትም» በእኛ ክልከላ ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ስሞክ ሂር» ካልሽ ግን «የማጨስ ግዴታ የለብዎትም» ማለት ነው፤ እንግዳው ሲጋራውን ይለኩሳል። ለክልከላ «ዩ ካንት ስሞክ ሂር» በይ። ያኛውን ቁርስ ከክፍሉ ሒሳብ ጋር ሲሆን አውጪው፦ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፔይ ፎር ብሬክፋስት»።

መልስ 2
«ሃድ ኢት ዋሽድ» የእኛው «አሳጠብኩ» ነው። እኛ በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነሱ ይበትኑታል፦ ሃድ፣ ዕቃው፣ ከዚያ የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ። «አይ ሃድ ማይ ሸርት ዋሽድ»፣ ሸሚዜን አሳጠብኩ። ቦታው ከተለዋወጠ፣ «አይ ሃድ ዋሽድ ማይ ሸርት» ካልሽ፣ አጣቢዋ አንቺው ሆንሽ።

መልስ 3
ለስልክ አንድ ልጨምር። ሥራ አስኪያጁ አዳማ ሄደው ገና ካልተመለሱ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ አዳማ»። ሄደው ያውቃሉ ለማለት «ሂ ሃዝ ቢን ቱ አዳማ»። «ትናንት» ካለበት ግን «ሃዝ»ን ጣያት፦ «ሂ ዌንት የስተርደይ»። አማርኛ «ትናንት ሄደዋል» ስለሚፈቅድ ነው ብዙ ሰው «ሃዝ ጎን የስተርደይ» የሚለው።

ጠያቂዋ
«ክፍልዎን አሁን አስጸዳለሁ» ለማለት «አይል ሃቭ ዩር ሩም ክሊንድ ናው» ልክ ነው?

መልስ 2
ልክ ነው። «ክሊንድ» ላይ ያለችውን «ድ» ብቻ እንዳትውጪያት።