ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ልጆች ይዤ ብሄድ ምን ልግዛ፣ የትስ እንብላ?

የሽሮሜዳዋ
ሰላም ጎንደሮች። የፊታችን ዓርብ ከሁለት ልጆቼና ከአማቴ ጋር እመጣለሁ፣ እሁድ ማታ እንመለሳለን። ግንቡን ማየታችን አይቀርም፣ እሱን ተዉት። እኔ የጠማኝ ገበያ ነው። አዲስ አበባ ባዛር ስንወጣ መኪና ላይ በርገርና ቺፕስ የሚሸጡ ልጆች አሉ፣ አጠገባቸው ጌጣጌጥ፣ ሸማ፣ ሳሙና ምናምን ይደረደራል፣ ልጆቼ ያንን ለምደው «ጎንደርም አለ?» እያሉ ያደርቁኛል። አለ እንዴ? ከሌለ ቅዳሜ ገበያ ለልጅ ይሆናል? አማቴ ደግሞ መሶብና ጀበና ሳልይዝ አልመለስም ብለዋል። ጀበና በአውሮፕላን!

የአራዳ ልጅ
በይ እንኳን ደህና መጣሽ። በርገር ፍለጋ ከሆነ ቅዳሜ ገበያን እርሽው፣ እዚያ የቆመ መኪና ካየሽ እህል ሊጭን ነው። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁሉም መሬት ላይ ተዘርግቶ ታገኝዋለሽ። ገጠሬው ርቆ ስለሚመጣ ገበያው የሚሟሟቀው ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ከ7 በኋላ ፀሐዩም ግፊያውም ልጆቹን ያማርራቸዋል። እጃቸውን ያዥ፣ የተጫነ አህያ «ዞር በል» አይልም።

ለሆዳቸው ዳር ዳሩን ሻይና ሳምቡሳ አይጠፋም፣ ቆሎ ደግሞ በየኪሳቸው ሙይላቸው። ምሳ ግን ወደ ፒያሳ ውጡ፣ በባጃጅ ቅርብ ነው። ጾም ካልሆነ ጥብስ፣ ጾም ከሆነ በያይነቱ፣ አለቀ።

ስፌት ወዳዷ
እሽ፣ እኔ ስለ አማትሽ ልናገር፣ ቁም ነገረኛዋ እሳቸው ናቸው።

መሶብ ስትገዢ መጀመሪያ አለላውን፣ ማለት ቀለም የተነከረውን የስፌት ሣር እዪ፣ በተለይ ቀዩን። ጣትሽን በምራቅ አርጥበሽ እሺው፣ ወይ የነጠላሽን ጫፍ ነክረሽ። ቀለም ከነካሽ ተዪው። እኔ አንዴ ቀይና አረንጓዴ ጣጣው ያለቀለት መሶብ አይቼ ሳልፈትሽ ገዛሁ፣ ለክርስትና እንጀራ አወጣሁበት፣ ትኩስ ነበር መሰለኝ ላብ አወጣና የታችኛው እንጀራ ሮዝ ሆኖ ተነሳ። እንግዳ ፊት! እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ከዚያ ስፌቱን በጥፍርሽ ጫን በዪው፣ ከሰረጎደ ውስጡ ላልቷል፣ ዓመት አይቆይም።

ጀበናውን በጣትሽ መገጣጠሚያ ቆርቆር አድርጊው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድፍን ካለ ተሰንጥቋል ወይ በደንብ አልበሰለም። ውኃ አስሞልተሽ ትንሽ ቆዪ። ቤት ስትገቢ ሳታሟሺው ቡና እንዳታፈዪበት፣ በቡና አተላ ሁለት ሦስት ጊዜ አፍልተሽ ድፊው፣ አለበለዚያ ቡናው አፈር አፈር ይላል።

ለሸክላ ግን እሁድ ጠዋት ወለቃ ሂዱ። በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ ነው። የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበር፣ ሸክላውም ቀጥቃጭነቱም የእነሱ ሙያ ነበር። ብዙዎቹ በ1977 በሱዳን በኩል፣ በ1983 ግንቦት ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ፣ ሸክላው ግን እዚያው ቀረ። ጥቋቁር ትንንሽ አንበሶችና ሰዎች አሉ፣ ልጆችሽ በርገሩን ይረሱታል። ስለ ሸማ ለሽሮሜዳ ሰው አልነግርም።

ብር አዳኝ
ሁሉም ጥሩ፣ ግን ዋጋውን ማንም አልነገራትም። የአዲስ አበባ አነጋገርሽን ሲሰሙ ይጨምሩብሻል። ከተጠራው ግማሹን በዪ፣ ከዚያ ሄድ ሄድ አድርጊ፣ ይጠሩሻል።

ስፌት ወዳዷ
አንተ ልጅ፣ በእህሉ እሽ ተከራከር፣ ምርቃትም ጠይቅ። መሶብ ግን የስፌት ሣሩ፣ አክርማው ተለቅሞ፣ ስንደዶው ተሰንጥቆ፣ አለላው ተነክሮ ስንት ወር የተቀመጠችበት ሴት ፊት ግማሽ ትላለህ? ትንሽ አስቀንስና ክፈል።

ብር አዳኝ
እትዬ፣ ሻጩ ሁሌ ሰፊዋ እኮ አይደለችም። አትራፊ ከሆነ እኔ አላዝንለትም።

ስፌት ወዳዷ
እሱስ እውነትህን ነው። «ራስሽ ነሽ የሰፋሽው?» ብለሽ ጠይቂ የኔ ዓለም። የሰፋችው ሴት አጀማመሩን ታሳይሻለች፣ ነጋዴው ስለ ዋጋ ያወራል።

የሽሮሜዳዋ
ተመልሰናል! አማቴ የሦስት ሴቶችን መሶብ ምራቅ እያስነኩ ሲፈትሹ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። አራተኛዋ ግን ስቃ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው፣ ስለ አክርማ ሲያወሩ አንድ ሰዓት ሄደ፣ ልጆቹ ቆሏቸውን ለዶሮ በትነው ጨረሱ። ዋጋ ላይ ብዙም አልተከራከርንም፣ ብር አዳኝ ይቅር በለኝ።

ጀበናውን ከወለቃ ገዛን፣ አማቴ አውሮፕላን ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ደህና ገባ። የተሰበረው፣ ቤት ደርሰን ሊሟሽ ሲል ነው፣ ትንሹ ልጄ «እኔ ልቆርቁረው» ብሎ በማንኪያ። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ሁለት ነው የምፈልገው።