ሳውንድ ካርዴ መብራቱ ይበራል ድምፅ ግን የለም (ዙቡንቱ 24.04፣ የኡቡንቱ ሊኑክስ ዓይነት)

ዝም_ያለ_ስፒከር፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስታገል ቆይቼ ነው የምጽፈው። ሁለት ኢንፑት ያለው በዩኤስቢ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ አገኘሁና በማይክ ድምፅ ልቀዳበት ብዬ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፣ መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል ግን ድምፁ አሁንም ከላፕቶፑ ስፒከር ነው የሚወጣው፣ ሄድፎኑን ካርዱ ላይ ስሰካው ጭጭ ነው። የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ አውትፑት የሚለው ጋ ስገባም የላፕቶፑ ብቻ ነው የሚታየኝ። የመጀመሪያው ቀን ለአፍታ ስሙን ያየሁት ይመስለኛል፣ ከዛ ያገኘሁትን ሁሉ ስነካካ ጠፋ። ሪስታርት አርጌዋለሁ፣ ነቅዬ ሰክቻለሁ፣ ዊንዶውስ ያለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ግን ወዲያው ሰራ። ድራይቨር ነው የጎደለኝ? ከየት ነው የሚወርደው?

ገመድ_ቆጣሪ፦
ወንድሜ ዊንዶውሱ ላይ የሞከርከው በዚሁ ኬብል ነው ወይስ በሌላ? ሞኝ ጥያቄ እንዳይመስልህ፣ የተለመደው የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ 4 ሽቦ አለ፣ 2ቱ ለፓወር 2ቱ ለዳታ፣ ለቻርጅ ብቻ ተብለው የተሰሩት ግን የዳታዎቹ የላቸውም። እንደዛ ከሆነ መብራት ይበራል ኮምፒውተሩ ግን የተሰካ ነገር መኖሩንም አያውቅም። እኔ በዚህ ግማሽ ቀን ተቃጥያለሁ። ሀብ ካለህም አውጣውና ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካው።

የድሮ_ፔንግዊን፦
ፐልስኦዲዮን (የፕሮግራሞቹን ድምፅ ወደ ካርዱ የሚያደርሰውን) ከነስሩ ንቀለው፣ ከዛ የአልሳን (የሊኑክስ የድምፅ ድራይቨሮች) ኮድ አውርደህ ራስህ ኮምፓይል አርገው (ኮዱን ወደ ፕሮግራም ቀይረው)። እኔ ድሮ እንደዛ አርጌ ነው የሰራልኝ።

ዝም_ያለ_ስፒከር፦
@ገመድ_ቆጣሪ ያው ኬብል ነው፣ ሀብም የለኝም። (ደሞ እህት ነኝ ግን ችግር የለም ሃሃ)
@የድሮ_ፔንግዊን ኮምፓይል ማረግ አልችልም በውነት ሌላ መንገድ የለም?

ተርሚናል_ወዳጅ፦
አረ እንዳትነቅዪው! @የድሮ_ፔንግዊን አትቀየመኝ ግን ያ ምክር ጊዜው አልፎበታል። ኡቡንቱ ከ22.10 ጀምሮ ከፐልስኦዲዮ ወደ ፓይፕዋየር (ያንኑ ስራ የሚሰራ አዲስ ሲስተም) ዞሯል፣ የድምፅ ነገሮችን ከስር መንቀል ከጀመርሽ ዴስክቶፑን ጭምር ይዞልሽ ሊወርድ ይችላል። ድራይቨርም የሚወርድ የለም። አብዛኛው የዩኤስቢ ካርድ ዩኤስቢ ኦዲዮ ክላስ በሚባለው ስታንዳርድ ነው የሚሰራው (አንደኛው የ1998 ነው ሁለተኛው የ2006)፣ የሱ ድራይቨር ደግሞ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ድሮውኑ አለ።

ነገሩን እንደ ፎቅ አስቢው፣ ታች ከርነሉና አልሳ አለ፣ መሀል ላይ ፓይፕዋየር፣ ላይ ብሮውዘርሽ። ድምፁ የትኛው ፎቅ ላይ እንደቀረ ሳናውቅ የትም ብንነካካ ዝም ብሎ ልፋት ነው። ስለዚህ ከታች እንጀምር። ተርሚናል ክፈቺና ኤፕሌይ ብለሽ ስፔስ ሰረዝ ኤል ጻፊ (ትንሿ ኤል ናት፣ አንድ ቁጥር አይደለችም፣ ብዙ ሰው እዚች ላይ ይሳሳታል)። የካርድሽ ስም ከነቁጥሩ ከመጣ ከርነሉ አይቶታል ማለት ነው። ከዛ እዛው ተርሚናሉ ላይ አልሳሚክሰር (የአልሳ ድምፅ ማስተካከያ) ክፈቺ፣ ኤፍ 6 ስትጫኚ የካርዶቹ ዝርዝር ይመጣል፣ ያንቺን ምረጪ። ከዘንጉ ስር ኤም ኤም የሚል ካለ ሚውት ነው፣ ኤምን ስትጫኚ ይከፈታል። ምንም ዘንግ ባይኖረውም አትደንግጪ፣ አንዳንዱ ካርድ ማስተካከያው ራሱ ሳጥኑ ላይ ያለው ጉብ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስፒከር-ቴስትን (የሙከራ ድምፅ የሚያጫውት ትዕዛዝ) ቀጥታ ወደ ካርዱ ላኪው፦ ሰረዝ ትልቁ ዲ፣ ፕለግኤችደብሊው (አንድ ላይ፣ ያለ ሰረዝ)፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ የካርዱ ቁጥር፣ ኮማ፣ 0። ከኋላው ሰረዝ ሲ 2 እና ሰረዝ ቲ ዋቭ ጨምሪበት። ምን እንዳለሽ እዚህ ጻፊልን። ተይዟል ብሎ እምቢ ካለሽ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ፓይፕዋየር ይዞታል ማለት ነው።

ዝም_ያለ_ስፒከር፦
ወይኔ ተናገረ!! ካርድ 2 ይላል፣ ስፒከር-ቴስቱን ሳስነሳው አንዲት ሴትዮ በግራ ጆሮዬ ፍሮንት ሌፍት አለችኝ ከዛ በቀኝ ፍሮንት ራይት፣ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ብሮውዘር ላይ ግን አሁንም የላፕቶፑ ስፒከር ነው የሚጮኸው ዝርዝሩም ውስጥ አልመጣም። ምንም ተይዟልም አላለኝም።

ተርሚናል_ወዳጅ፦
በቃ ታች ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው፣ ተይዟል አለማለቱ ደግሞ ፓይፕዋየር በዛ ሰዓት ካርዱን እንዳልያዘው ነው የሚነግረን። ፓቩኮንትሮልን (የድምፅ ማስተካከያውን መስኮት) ክፈቺ፣ ኮንፊገሬሽን የሚለው ታብ ላይ ሂጂ፣ የካርድሽ ፕሮፋይል ምን ይላል? ኦፍ እንዳይሆን ብቻ።

ዝም_ያለ_ስፒከር፦
ኦፍ ይላል 🤦 እኔው ነኝ ያጠፋሁት፣ የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ኦፍ አርጌ መልሼ ላበራ ብዬ ነበር የላፕቶፑን ብቻ ነው የመለስኩት። ግን ሪስታርት አርጌ ነበር እኮ ለምን ራሱ አልተመለሰም?

ተርሚናል_ወዳጅ፦
ሃሃ ሁላችንም አርገነዋል። ካርዶቹን የሚያስተዳድረው ዋየርፕላምበር የሚባለው የመረጥሽውን ፕሮፋይል ፋይል ላይ ጽፎ ያስቀምጠዋል፣ ስለዚህ መቶ ጊዜ ሪስታርት ብታረጊው ኦፍ እንዳልሽው ነው የሚቆየው። አናሎግ ስቴሪዮ ዱፕሌክስ የሚለውን ምረጪ፣ ዱፕሌክስ ማለት መግቢያውም መውጫውም ክፍት ነው። ከዛ አውትፑት ታብ ላይ ከካርዱ ስም አጠገብ ያለችውን የእርማት ምልክት ተጫኚ፣ ዋናው መውጫ እሱ ይሆናል።

ዝም_ያለ_ስፒከር፦
ሰራ ሰራ ሰራ! እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ማይኩን ኢንፑት 1 ላይ ሰክቼ ስቀዳ ድምፄ በግራ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቀኙ ባዶ ነው። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

ገመድ_ቆጣሪ፦
አልተበላሸም። ሁለት ኢንፑት ያለውን ካርድ ሲስተሙ እንደ አንድ ስቴሪዮ ነው የሚያየው፣ ኢንፑት 1 ግራ ኢንፑት 2 ቀኝ። የምትቀጂበት ፕሮግራም ላይ ስቴሪዮ የሚለውን ሞኖ አርጊው፣ ድምፅሽ ትንሽ ሊያንስ ይችላል ግን በሁለቱም ጆሮ ይመጣል። ማይክሽ ኮንደንሰር ከሆነ ደግሞ 48 ቮልት የሚለውን ማብሪያ አትርሺ፣ ያለሱ ድምፅ አይሰጥሽም።

የድሮ_ፔንግዊን፦
እሺ ተሸንፌያለሁ 😄 ግን እዚህ ላይ እኔም የማውቀው አለ። ለቪዲዮ ኮል ከፈለግሽው ፕሮግራሙ ላይ ሞኖ የሚባል ምርጫ ላይኖር ይችላል፣ ያኔ በፓክትል (ድምፁን ከተርሚናል የሚያዝ ትዕዛዝ) ሪማፕ-ሶርስ የሚባለውን ሞጁል ጫኚ፣ የግራውን ቻናል ብቻ ወስዶ ሞኖ የሆነ አዲስ ማይክ ይፈጥርልሻል፣ ኮሉ ላይ እሱን ትመርጫለሽ። ከሪስታርት በኋላ ግን ይጠፋል፣ እንደገና መጫን አለብሽ።

ተርሚናል_ወዳጅ፦
@የድሮ_ፔንግዊን ይሄኛው ደግሞ በደንብ ይሰራል፣ ፓይፕዋየር ላይም ያው ነው።
@ዝም_ያለ_ስፒከር የሆነ ቦታ ካርድ 2 ብለሽ ከጻፍሽ ግን ቁጥሩን አትመኚው፣ ሌላ ነገር ተሰክቶ ስታስነሺው 1 ወይ 3 ሊሆን ይችላል። ኤፕሌይ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን አጭር ስም ተጠቀሚ።

ዝም_ያለ_ስፒከር፦
ልክ ነህ አሁን ነቅዬ ሰክቼ አስነሳሁት፣ ካርድ 1 ሆኗል 😅 በስሙ ቀየርኩት። ሞኖውም ሰርቷል፣ ድምፄን በሁለቱም ጆሮ ሰማሁት፣ እንደዚህ ነው እንዴ የምናገረው?