ቆጣሪው «ይበቃል» ያለው ፕሪንተር፦ ብልሽት ነው ወይስ ታስቦበት?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የገዛሁት ባለ ቀለም ፕሪንተር እስከ ማክሰኞ ማታ ጥርት አድርጎ ሲያትም ቆይቶ፣ ረቡዕ ጠዋት ሳበራው ሁለት ቀይ መብራቶች እየተፈራረቁ ብልጭ ድርግም አሉ፤ ኮምፒውተሩም አንድ የውስጥ ክፍል የአገልግሎት ዘመኑን እንደጨረሰ ገለጸ። ቀለሙ ሙሉ ነው፤ የተቀረቀረ ወረቀትም የለም። የሸጠልኝ ሱቅ «አዲስ ቢገዙ ይሻላል» አለኝ። ዋጋውን እንኳ በቅጡ ያልመለሰ ዕቃ ነው። ፋብሪካዎች ዕቃቸው በተወሰነ ጊዜ እንዲቆም አስበው ይሠራሉ ይባላል፤ የእኔስ ከዚያ ይቆጠራል?

መልስ፦
እባክዎ አይጣሉት። በጥገና ሥራ ላይ ስለሆንኩ ይህን በየጊዜው አየዋለሁ። ፕሪንተሩ የማተሚያ ሄዱን (ቀለም የሚረጨውን ክፍል) ባጸዳ ቁጥር ጥቂት ቀለም ከሥሩ ወዳለ ስፖንጅ ያፈስሳል። ስፖንጁ ምን ያህል እንደረጠበ ግን አይለካም፤ የፈሰሰውን በግምት ይቆጥርና ቁጥሩ ከተወሰነለት ጣሪያ ሲደርስ ሥራ ያቆማል። ከከፈትኳቸው መካከል ቀለም የሚንጠባጠብባቸው ነበሩ፤ ጠርዛቸው ገና ነጭ የሆነም አጋጥሞኛል። ስፖንጁን ለውጦ ቆጣሪውን ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም ወደ ዜሮ መመለስ፣ ይቻላል። ሳይለውጡ ሪሴት ብቻ የሚያደርጉትን ግን አይመኑ፤ ቀለሙ ሞልቶ ጠረጴዛዎ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ገደቡ ምክንያት አለው። እኔን የሚያስቆጣኝ ገዢው ይህን ሳያውቅ መግዛቱና ክፍሉ በቀላሉ እንዳይደረስበት ተደርጎ መሠራቱ ነው፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ባለቤቱ ራሱ የሚለውጠው ሣጥን መኖሩ ሌላ መንገድ እንደነበረ ያሳያል።

መልስ፦
«አስበው» ለሚለው፣ በሰነድ የታወቀው ምሳሌ አምፖል ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. የዓለም ዋና ዋና አምፖል አምራቾች ጄኔቭ ላይ ፊቡስ የተባለውን ስምምነት ፈርመው የአምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት እንዲሆን ወሰኑ፤ ቀድሞ 1,500 እና ከዚያም በላይ የሚያገለግል ነበር። አምፖሉ ብዙ የቆየበት ፋብሪካ ይቀጣ ነበር። አጭር ዕድሜ ያለው አምፖል የተሻለ ብርሃን ይሰጣል የሚል መከራከሪያ ነበራቸው፤ ነገር ግን ጠንካራ ዕቃ የሠራን መቅጣት ለሸማቹ ታስቦ ነው ብሎ ለመቀበል ይከብደኛል። ፈረንሳይ የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠርን እ.ኤ.አ. በ2015 ወንጀል አድርጋ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና 300,000 ዩሮ ቅጣት ደነገገች። የአምራቹን ሐሳብ በማስረጃ ማረጋገጥ ግን አስቸጋሪ ነው። ለገዢ ይበልጥ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያው ሥራ ላይ የዋለው ግዴታ ይመስለኛል፦ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ሲሸጡ ለጥገና ያላቸው ምቹነት ከ10 ተመዝኖ ከዋጋው አጠገብ እንዲለጠፍ ተደረገ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት አስከፍቼ አየሁት፤ የስፖንጁ ግማሽ ያህል ደረቅ ነው። ሪሴት ከመደረጉ በፊት አዲስ ስፖንጅ እንዲገባበት ስለምፈልግ፣ መርካቶ ውስጥ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ።