ባሕር ዳሮች፣ በዚህ ክረምት ምን ይዛችኋል?

ጠያቂ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነኝ፤ ጉዱ ካሳ እያሳቀኝ ነው። ቀጥሎ አጠር ያለ፣ የአካባቢያችን ሰው የጻፈው ጠቁሙኝ። ደግሞ የመጽሐፉ ጠርዝ እርጥበት ስቦ ተጨማዷል፤ ምን ይሻላል?

የዘጌ ቡና፦ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ያዝ፤ ብዙ ሰው «ጦቢያ» የሚለውን። ደራሲው የዘጌ ልጅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለውም እሱ ነው። ቀጭን ነው ብለህ ግን አትናቀው። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ በዓይን ብቻ ከሮጥክ ባለቤቱ ይጠፋሃል። አራት ነጥብ እስክታገኝ ድምፅ አውጥተህ አንብብ። ጦቢያና ዋህድ መንትዮች ናቸው፤ እሷ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትወጣ ግራ እንዳትጋባ።

ደንገል፦ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ»። አስመራ፣ የደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ። ታሪኩ ይሮጣል።

መደርደሪያ፦ ወንድሜ፣ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው! ወረቀቱ ቢጫ ይሆናል፣ የጥራዙ ሙጫ ይሰነጠቃል። በየ20 ገጹ ነጭ ሶፍት አስገባ፣ ሲረጥብ ቀይር። ሊደርቅ ሲል ከባድ ነገር ጫንበት፤ አለዚያ ይጣመማል። ሻጋታ ካለው ከደረቀ በኋላ በረንዳ ላይ በደረቅ ብሩሽ ጥረገው፤ እርጥብ ጨርቅ ያዛምተዋል። ፌስታል ውስጥ መጠቅለል የባሰ ነው፣ እርጥበቱን ያፍናል። መደርደሪያህንም ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቀው።