አካፋይና ተካፋይ ይምታቱብኛል፤ እንዴት ልለያቸው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ ልጄን ሂሳብ አስጠናታለሁ። ትናንት "24 ሲካፈል ለ6፤ ተካፋዩና አካፋዩን ለዪ" የሚል መጣ። እኔ በልበ ሙሉነት ተካፋዩ 6 ነው አልኳት። መጽሐፉ ግን 24 ነው ይላል። እስካሁን አልተዋጠልኝም። 24 እርሳስ ለ6 ልጆች ቢታደል እርሳሱን የሚካፈሉት ልጆቹ አይደሉም እንዴ? "ዝም ብለሽ ሸምድጂው" ልላት አልፈልግም።

መልስ 1
ሂሳብ አስተምራለሁ። "አ" ካለ አድራጊው ነው፣ "ተ" ካለ የሚደረግበት። 6 አካፋይ፣ 24 ተካፋይ፣ 4 ድርሻ። "ታላቅ የጋራ አካፋይ" የሚለውን አስታውሺ፤ የ24 እና የ30 ታላቅ የጋራ አካፋይ 6 ነው። ሁለቱንም ያለ ቀሪ ያካፍላል። አባዢና ተባዢ ቢምታቱ ግድ የለም፣ 6 በ4ም 4 በ6ም ያው 24 ነው። ማካፈል ላይ ግን ከገለበጥሽው 4 መሆኑ ቀርቶ 0.25 ይወጣል።

መልስ 2
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ የእርሳሱ ነገር ግን አልተመለሰላትም። እኔ የተማርኩት ሥነ ልሳን ነው። እህቴ፣ ጆሮሽ አልተሳሳተም። "ተካፈለ" ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ድርሻውን ወሰደ ነው፤ "የደስታችን ተካፋይ ሁኑ" ስንል እሱን ማለታችን ነው። ልጆቹ በዚህኛው ተካፋይ ናቸው። ሁለተኛው የ"አካፈለ" ተደራጊ ነው፣ ሌላ አካፈለውና እሱ ተካፈለ። ሂሳብ የወሰደው ይሄን ብቻ ነው። "ተከፋይ" ደግሞ ሌላ ነው፤ "ካ" ወደ "ከ" ስትለወጥ ወሬው ስለ ገንዘብ ይሆናል።

ለልጅሽ እንዲህ በያት፦ "24 ሲካፈል ለ6" ውስጥ "ሲካፈል" የተባለው ማነው? የግሱን ባለቤት ካገኘች ተካፋዩን አገኘች።

ጠያቂዋ
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ጥያቄውን እንዳለ አነበብኩላት፣ ሳልጨርስ "24!" አለች። ለካ መልሱ እዚያው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ነበር። አሁን ደግሞ በክፍልፋይ ሲጻፍ ተካፋዩ ላዕል ነው ወይስ ታህት እያለችኝ ነው።

መልስ 1
ላዕል ነው። ላዕል ላይ፣ ታህት ታች። 24 ከላይ፣ 6 ከታች ትጻፈው።