«ሦስት ዓመት መታገሥ ነው»፦ ካፕስ ይፍረስ ወይስ ይታደስ?

ካፕስ ከድሮ
ትናንት ማታ የሎተሪ ኳስ ስለ በረዶ ሆኪ ቡድናችን ስለ ዋሽንግተን ካፒታልስ (ካፕስ) የጻፈውን ላላያችሁ፦ «ከኮከባችን ከኦቬችኪን በኋላ ያለውን ሁሉ ሸጦ ሦስት ዓመት መታገሥ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።» ስንቱ ደግሞ አጨበጨበለት! ይህቺን ሦስት ዓመት ማን ቆጠራት? ዋሽንግተን በ2004 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ደግሞ በዚህ እንዳንጣላ) ኮከቦቹን፣ ያግርን ለሬንጀርስ፣ ቦንድራን ለኦታዋ፣ ላንግን ለዲትሮይት፣ ጎንቻርን ለቦስተን ቸበቸበ። የሊጉ ዋንጫ ስታንሊ ካፕ የመጣው በ2018 ነው። 14 ዓመት! ሦስት ላይ 11 ጨምርበት።

የሎተሪ ኳስ
ሦስት ዓመት ያልኩት ተፎካካሪ እስኪሆን ነው። ዋንጫ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። በ2005-06 70 ነጥብ፣ በ2006-07 እንደገና 70፣ በ2007-08 94 ነጥብና የምድቡ አሸናፊ። ቁጠር፣ ሦስት ነው። ከዚያ ሽያጭ የመጣውንም አትዝለለው። ዲትሮይት ለላንግ ፍላይሽማንንና በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት) የአንደኛ ዙር ምርጫ ሰጠ፤ በዚያ ምርጫ 29ኛ ላይ ማይክ ግሪን ተወሰደ። የጎንቻሩ ምርጫ 27ኛ ላይ ጄፍ ሹልትዝ ሆነ። ከላይ ኦቬችኪን አለ። በአንድ ድራፍት ሦስት የአንደኛ ዙር ልጅ። ማፍረስ ማለት ይኸው ነው።

ካፕስ ከድሮ
«ቁጠር» ይለኛል! ሊጉ ተዘግቶ አንድ ጨዋታ እንኳ ያልተደረገበትን 2004-05ን በኪስህ ከትተህ ነው ሦስት ያልከው? ደሞዝ ባይከፈልበትም ዓመት ዓመት ነው። ደግሞ ኦቬችኪንን ያመጣው ሽያጩ አይደለም፣ የድራፍቱ ዕጣ ኳስ ናት፤ ታች የወጡት ቡድኖች ማን አንደኛ እንደሚመርጥ በዕጣ ነው የሚለየው። ካፕስ 59 ነጥብ ይዞ ከመጨረሻ ሦስተኛ ነበር፤ መጨረሻ የወጣው ፒትስበርግ ነው፣ በ58። ዕጣው በተራ ቢወጣ ኖሮ እኛ ሦስተኛ እንመርጥ ነበር። ያን ዓመት ሦስተኛ የተመረጠው ካም ባርከር ነው። የካም ባርከርን ማሊያ የለበሰ ሰው ቻይናታውን፣ ሜዳችን አጠገብ፣ አይታችኋል? እኮ።

ኤድመንተን ነኝ
ሦስት ዓመት ፈለጋችሁ? ከእኛ ውሰዱ። 2010 ሆል፣ 2011 ኑጀንት-ሆፕኪንስ፣ 2012 ያኩፖቭ። በተከታታይ ሦስት አንደኛ ምርጫ። በ2015 ምርቃት ተጨመረልን፣ ማክዴቪድ። ከ2006-07 እስከ 2015-16 አሥር የውድድር ዘመን ፕሌይኦፍን (የዋንጫውን ጥሎ ማለፍ) በቴሌቪዥን ነው ያየነው።

ምክንያቱን እዚህ የሚያወራ ሰው አላየሁም። አንደኛ የተመረጠ አጥቂ በ18 ዓመቱ ሊጉ ውስጥ ይገባል። ፓኩን (የሆኪውን «ኳስ») ከራሱ ዞን አውጥቶ የሚያቀብለው ተከላካይ ግን 23፣ 24 እስኪደርስ አይበስልም። አጥቂዎቹን አንድ ላይ ስታስጀምር የሦስት ዓመቱ የመጀመሪያ ውላቸው አንድ ላይ ያልቃል፤ ደሞዛቸው ሲሰቀል ተከላካዩ ገና የማይነር ሊግ (የታችኛው ሊግ) አውቶቡስ ላይ ነው። ከዚያ ሆልን ሰጥተህ አዳም ላርሰንን አንድ ለአንድ ትቀበላለህ፣ በ2016 እንዳደረግነው። ያኩፖቭ ደግሞ በዚያው ዓመት ተሸኘ።

በረኛ 70
አጥቂ፣ ተከላካይ እያላችሁ ነው። በረኛ የሚባል ነገር በዚህ ጨዋታ አለ?

የሎተሪ ኳስ
@ኤድመንተን ነኝ በማክዴቪድ በ2024ም በ2025ም ፍጻሜ ገባችሁ። ማልቀሱ ይብቃህ።

ኤድመንተን ነኝ
ሁለቱንም ተሸነፍን፣ አመሰግናለሁ።

የአርሊንግተኗ
ሎተሪ፣ ቡድን ማፍረስ ኮሪደር ልማት መሰለህ እንዴ? በጠዋት ዶዘር፣ በማታ መብራትና አበባ? ቡፋሎን እይ። ከ2011-12 እስከ 2024-25 በተከታታይ 14 የውድድር ዘመን ያለ ፕሌይኦፍ። በ2014-15 ማክዴቪድን ለማግኘት ሆን ብሎ ነው የፈረሰው። ኤንሮት ጥሩ ሲያድን ለዳላስ ሸጡት፤ የእኛው የድሮ በረኛ ኖይቪርት ተራውን ማዳን ሲጀምር በማርች እሱንም ሸጡት። የበረኛ ጥፋቱ ኳስ... ይቅርታ ፓክ ማዳን ሆነ! በዚያው ወር አሪዞና መጣ፤ ከመጨረሻ ሁለተኛና መጨረሻ ነበሩ። ጋግነር በጭማሪ ሰዓት ለአሪዞና ሲያገባ የገዛ ሜዳቸው ደጋፊ ተነስቶ ጨፈረ። ለባላጋራው ግብ! ያሰቡትን አገኙ፣ መጨረሻ ወጡ። ዕጣው ግን ለኤድመንተን ወጣ፤ ማክዴቪድ ሄደ፣ ለቡፋሎ አይክል ደረሰው።

ካፕስ ከድሮ
አንቺ ጨረስሽው። ሦስተኛ ለመረጠው ለአሪዞና የደረሰው ደግሞ ዲላን ስትሮም ነው። እሱን ማን እየተጠቀመበት ነው? እኛ። ቺካጎ በ2022 ውል ሊሰጠው ሳይፈልግ ሲለቀው በአንድ ዓመት ውል፣ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር አመጣነው። በ2024-25 82 ነጥብ ሠራ። ሰው ያፈረሰለትን እኛ ሰበሰብን።

የሎተሪ ኳስ
ቡፋሎ የከሸፈው በማፍረስ አይደለም፤ አፍርሶ መሥራት ስላልቻለ ነው። መሠረት ቆፍሮ ቤት ያልሠራን ሰው አይታችሁ «መሠረት መጥፎ ነው» ትላላችሁ?

የአርሊንግተኗ
የሰው አካፋ ይዘህ 14 ዓመት ስትቆፍር ያ መሠረት አይባልም፣ ጉድጓድ ነው።

ጋሽ ሒሳብ
ልጆች፣ ቀስ በሉ። «ሁሉንም ሸጦ» የሚለው ቃል ነው የከነከነኝ። ሎተሪ፣ ምንህን ነው የምትሸጠው? ለማን? በስንት?

የደሞዝ ጣሪያው (ቡድን በጠቅላላ ሊከፍል የሚችለው) ለ2025-26 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ወለሉ 70.6 ሚሊዮን። ስለዚህ የፈረሰ ቡድንም 70.6 የሚሞላ ደሞዝ ይፈልጋል፤ ሁሉንም ልሽጥ ብትል ሊጉ አይፈቅድልህም። ጥሩ ተጫዋች ስትሸጥ ገዢው ራሱ ጣሪያ ላይ ነውና ግማሹን ደሞዝ አንተ ያዝ ይልሃል። ከ50 በመቶ በላይ መያዝ አይቻልም፤ በአንድ ጊዜ ከሦስት ውል በላይም አይቻልም። አንዷን ቦታ አራት ዓመት የቀረው ውል ላይ ካዋልካት አራት ዓመት ተዘጋች። ልምድ የሌለው ማናጀር የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሦስቱን በመጀመሪያው ማርች (የዝውውር መዝጊያው ወር) ይጨርስና በሁለተኛው ማርች እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ሌላው ወጣቱን ማስጀመር ነው። 18 ወይም 19 ዓመት የሆነው ልጅ አሥረኛውን ጨዋታ ከተጫወተ ከርካሽ ውሉ አንድ ዓመት ተበላ። ዘጠኝ ላይ አቁመህ ከመለስከው ውሉ ወደፊት ይገፋል። ሰባት የውድድር ዘመን የተጫወተ ሰው ነጻ ስለሚሆን ደግሞ በ18 ያስጀመርከው ልጅ በ25 ዓመቱ በሩን ከፍቶ መሄድ ይችላል። ለሚሸነፍ ቡድን ማሊያ ማሻሻጫ ብለህ ልጅ የምታስገባ ከሆነ ምርጥ ዓመቱን ለሌላ ቡድን እያሳደግክ ነው።

ካፕስ ከድሮ
ጋሼ እጅዎ ይባረክ። እስቲ የ2024ቱንም ይጨምሩበት።

ጋሽ ሒሳብ
በ2023-24 ካፕስ 91 ነጥብ ይዞ ፕሌይኦፍ ሾልኮ ገባ። 220 አግብቶ 257 ገብቶበታል፤ ሬንጀርስ በአራት ጨዋታ አሰናበተው። ያኔ «አፍርሱት» ያላለ አልነበረም። ከዚያ በፊት በ2023 ኦርሎቭንና ሃታዌይን ለቦስተን ሲሸጥ ያገኘውን የአንደኛ ዙር ምርጫ ለድራፍት አላቆየውም፤ ሳምንት ሳይሞላ ከጉስታፍሰን ጋር ለቶሮንቶ ሰጥቶ ወጣቱን ሳንዲን አመጣ። ኩዝኔትሶቭንና ማንታን ግማሽ ደሞዛቸውን ይዞ ሸጠ። በ2024 ክረምት ኬምፐርን ሰጥቶ ዱቧን፣ ጄንሰንንና አንድ ሦስተኛ ዙር ሰጥቶ ቺክረንን፣ በሁለት ሦስተኛ ዙር ምርጫ በረኛውን ቶምፕሰንን ወሰደ። ማት ሮይን በነጻ ዝውውር። በዓመቱ 111 ነጥብ፣ የምሥራቁ አንደኛ። አንድም የአንደኛ ዙር ምርጫ ለእነዚህ ለአራቱ አልወጣም።

የሎተሪ ኳስ
እና ካሮላይና በሁለተኛው ዙር በአምስት ጨዋታ ሸኘው። ይህ ማደስ አይደለም ጋሼ፣ ቀለም መቀባት ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ባክስትሮም 9.2 ሚሊዮኑን፣ ኦሺ 5.75 ሚሊዮኑን ይዘው የረጅም ጊዜ ጉዳት መዝገብ ውስጥ ገብተው ጣሪያው ላይ ቦታ ባይለቁ ያ ሁሉ ግዢ ከየት ይመጣ ነበር? የሁለት ሰው ዳሌና ወገብ ነው ያሳደሰው። ዕድል የምትሉት የእኔን ኳስ ብቻ ነው?

ጋሽ ሒሳብ
ይህቺ ልክ ናት። እቀበላለሁ።

ካፕስ ከድሮ
እንዴ ጋሼ! አይቀበሉት!

የአርሊንግተኗ
«ቀለም መቀባት»? ዱቧ 66 ነጥብ ሠራ፣ በዘጠና አንደኛ ምርጫ የመጣው ፕሮታስ 30 ጎል አገባ፣ ማክማይክል 26። ይህ ቀለም ከሆነ የእኔም ቤት ይቀባልኝ።

ምስኪኑ ቶሮንቶ
ጣልቃ ልግባ። የድራፍት ኮከብ ብቻውን...

ካፕስ ከድሮ
1967! የመጨረሻ ዋንጫችሁ።

ምስኪኑ ቶሮንቶ
ገና አልጨረስኩም እኮ! ልል የፈለግኩት፣ ማቲውስን በ2016 አንደኛ መርጠን ትክክለኛውን አፍርሶ መሥራት ሠርተናል። የወደቅነው ከዚያ በኋላ ነው። አራት አጥቂ የጣሪያውን ግማሽ ያህል በልቶ ለተከላካይና ለበረኛ ፍርፋሪ ቀረ። ችግሩ ማፍረሱ ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ውል ላይ ነው።

ኤድመንተን ነኝ
ምስኪኑ ዛሬ ትክክል ተናገረ። ቀኑን መዝግቡት።

የሎተሪ ኳስ
ፍሎሪዳስ? 2024 እና 2025 ዋንጫ። ባርኮቭ በ2013 ሁለተኛ፣ ኤክብላድ በ2014 አንደኛ። ያለ መሸነፍ ባርኮቭ ከየት ይመጣል?

የአርሊንግተኗ
ከ2014 እስከ 2020 በእነሱ ምን አሸነፈ? ማናጀሩ ዚቶ በ2020 ሲመጣ ነው ነገሩ የዞረው። ፎርስሊንግን ካሮላይና የፈለገ ቡድን የሚያነሳቸው ተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ጥሎት በነጻ አነሱት። ቬርሃይግን ታምፓ ሳይፈልገው ቀርቶ ነው የመጣው። ሞንቱር ከቡፋሎ በአንድ ሦስተኛ ዙር ምርጫ። ራይንሃርት ከቡፋሎ፤ በ2014 ሁለተኛ የተመረጠው ማለት ነው። አይክል ቬጋስ ሄዶ በ2023 ዋንጫ አነሳ፣ ኦራይሊ ሴንት ሉዊስ ሄዶ በ2019 የፕሌይኦፉ ኮከብ ሆነ። የቡፋሎ ፍርስራሽ የስንት ሰፈር ቤት እንደሠራ አየህ? «ሦስት ዓመት ታገሥ» ያልከው ደጋፊ የሚታገሠው ለጎረቤቱ ነው።

የሎተሪ ኳስ
አሁንም ባርኮቭን ዘለልሽው።

የአርሊንግተኗ
አልዘለልኩትም፣ አንተ ሌላውን 19 ሰው ዘለልክ።

ጋሽ ሒሳብ
ደግሞ የዛሬው ሎተሪ የ2004ቱ አይደለም። መጨረሻ ለወጣ ቡድን የመጀመሪያው ዕጣ 18.5 በመቶ ነው፤ ከመጨረሻ ሲቆጠር 12ኛ ወይም ከዚያ የተሻለ የሆነ ቡድን ቢያሸንፍ አሥር ደረጃ ብቻ ስለሚወጣ አንደኛው እዚያው መጨረሻ የወጣው ጋ ይቀራል፤ በጠቅላላው 25.5። ማለትም ከአራት ሦስት ጊዜ ያህል አንደኛ አትመርጥም። በ2023 መጨረሻ የወጣው አናሃይም ነው፤ ቤዳርድን የወሰደው ከመጨረሻ ሦስተኛ የነበረው ቺካጎ። አንድ ቡድን በአምስት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ በዕጣ ደረጃ መውጣትም አይችልም። ኤድመንተን ያደረገው ዛሬ በቀላሉ አይደገምም።

ኤድመንተን ነኝ
ሕጉ የወጣው ለእኛ ክብር ነው ማለት ነው።

ካፕስ ከድሮ
ላም አለኝ በሰማይ። ሎተሪ፣ 25.5 በመቶ ላይ ነው ሦስት ዓመት ታገሥ የምትለኝ?

የሎተሪ ኳስ
አንተስ 111 ነጥብ ይዘህ ሁለተኛ ዙር ላይ መውጣትን ስንት ዓመት ልትታገሥ ነው? በ2010 121 ነጥብ ይዘን ሞንትሪያልን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 መርተን ስንወድቅ የነበርክ ሰው ነህ። ፓወር ፕሌይ (ባላጋራ ሰው ሲጎድልበት) ከ33 አንድ ጎል! ያን ቡድን ዋንጫ እንዲያነሳ ያደረገው በኋላ የበሰለው የድራፍት ልጅ ነው፤ ካርልሰን፣ ኩዝኔትሶቭ፣ ኦርሎቭ፣ ዊልሰን።

ካፕስ ከድሮ
ካርልሰን 27ኛ፣ ኩዝኔትሶቭ 26ኛ፣ ኦርሎቭ 55ኛ፣ ዊልሰን 16ኛ። ማን ሲሸነፍ ነው እነዚህ የተመረጡት? እያሸነፍን ነው! ራስህን በራስህ ረታህ። ኤለር ደግሞ በሁለት ሁለተኛ ዙር ምርጫ ከሞንትሪያል መጣ፤ የዋንጫዋን ጎል ላስ ቬጋስ ላይ ያገባው እሱ ነው። ኬምፕኒ በአንድ ሦስተኛ ዙር። ስሚዝ-ፔሊ በዝቅተኛው ደሞዝ መጥቶ ፕሌይኦፉ ላይ ሰባት ጎል።

የሎተሪ ኳስ
ኦቬችኪን አንደኛ፣ ባክስትሮም አራተኛ። እነሱን አውጣና ኤለርህን ይዘህ ሂድ።

ካፕስ ከድሮ
ኋላ ኮከብ የሆነውን ፎርስበርግን ለኤራት የሰጠውም ያው ድራፍትህን የሰበሰበው ማናጀር ነው።

ምስኪኑ ቶሮንቶ
ፎርስበርግን አታንሱ፣ ሰው ይጎዳል።

በረኛ 70
አሁን ልናገር? የዋንጫው በረኛችን ሆልትቢ በ2008 በአራተኛ ዙር 93ኛ ነው የተመረጠው። ዋንጫው አሥር ዓመት ቆይቶ። በረኛን በሦስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ የሚያስገባ ሰው በረኛ አያውቅም። በ2018 ራሱ አሰልጣኙ ትሮትዝ በኮሎምበስ ቡድን ላይ ሌላውን በረኛ ግሩባወርን አስጀምሮ ሁለት ጨዋታ በሜዳችን ተሸነፍን። ሆልትቢ ገባ፣ የቀረው ታሪክ ነው። ያን በፍጻሜው በቬጋሱ ቱክ ላይ በዱላ ያዳናትን አንዲት ፓክ አንድ የድራፍት ቁጥር አይገልጻትም።

የሎተሪ ኳስ
ግሩባወር በዚያ መደበኛ ውድድር ከሆልትቢ ይሻል ነበር፤ ትሮትዝ ልክ ነው ያስጀመረው።

በረኛ 70
ምን አልክ?

ኤድመንተን ነኝ
አሁን ገና ተጀመረ።

በረኛ 70
አይ፣ ይድገመው። ግሩባወር ምን?

ካፕስ ከድሮ
ከእሱ በፊት ሦስቱን ዓመት ይቁጠርልኝ። 2004-05 ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?