ጥያቄ፦ መደምደሚያውን ከመነሻው መለየት አቃተኝ (ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና)

የጠባሴዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነኝ። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ልቤ ግን ሕግ ላይ ነው። እህቴ አሜሪካ ናት። እዚያ ሕግ የሚማረው አስቀድሞ አንድ ዲግሪ የያዘ ሰው ስለሆነ "ዲግሪው አለሽ፣ ፈተናውን ውሰጂና ሞክሪ" አለችኝ። ኤልሳት ይባላል፤ ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ከሥራ ስመለስ ማታ ማታ ባና ደርቤ እለማመዳለሁ። የጠባሴን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ንባቡ ብዙም አላስቸገረኝም። አጭር ሙግት አስነብቦ ስለ ሙግቱ የሚጠይቀው፣ ሎጂካል ሪዝኒንግ የሚሉት ክፍል ነው ያቃተኝ። 25 ጥያቄ ሠርቼ 12 ካገኘሁ ጥሩ ቀን ነው። የት ላይ እንደምሰናከልም አውቄዋለሁ። አንቀጹን አንብቤ ስጨርስ የቱ መነሻ (ምክንያቱ)፣ የቱ መደምደሚያ (በምክንያቱ የሚደገፈው አቋም) እንደሆነ አይለይልኝም፤ ሁሉም ዓረፍተ ነገር እኩል ሆኖ ይታየኛል። ከተለማመድኩት ጋር የሚመሳሰል አንድ በአማርኛ ልጻፍላችሁ፦

"ነጋዴዎች አዲሱ ገበያ ከከተማው ስለራቀ ገበያተኛ ይቀንሳል ይላሉ። ይህ ግን ስህተት ነው። የከብት ገበያው ከዚህም ርቆ ተወስዶ ሳለ ገበያተኛው አልቀነሰም። ርቀት ብቻውን ገበያተኛ አያስቀርም።"

እኔ መደምደሚያው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው እላለሁ። አብራኝ የምታጠናው ጓደኛዬ አይደለም ትላለች፤ ለምን እንደሆነ ግን ልታስረዳኝ አልቻለችም። እባካችሁ።

ጣርማ በር፦

እህቴ አይዞሽ፣ እኔም ገና እየተማርኩ ነው። የረዳኝ ቃላቱን መያዝ ነው። ዜርፎር፣ ዛስ፣ ሄንስ፣ ሶ ካየሽ የሚከተለው መደምደሚያ ነው። ቢኮዝ፣ ሲንስ፣ ፎር፣ አፍተር ኦል ካየሽ ደግሞ የሚከተለው መነሻ ነው። የእኛዎቹ "ስለዚህ"፣ "በመሆኑም"፣ "ምክንያቱም" ማለት ናቸው። ሲንስን ብቻ ተጠንቀቂ፤ አንዳንዴ "ከዚያ ጊዜ ጀምሮ" ለማለት ነው የሚገባው። በምሳሌሽ ግን አንዱም ቃል የለም። ቃል ከሌለ የመጨረሻውን ያዢ። ከአንቺ ጋር ነኝ።

የመንዝ ልጅ፦

ወንድሜ ጣርማ በር፣ ቃላቱ ላይ ያልከው ልክ ነው። "ቃል ከሌለ የመጨረሻውን" ያልከው ግን ብዙ የሐበሻ ልጅ የሚወድቅበት ነው፤ እኔም ፈተናውን ከመውሰዴ በፊት ሁለት ወር ሙሉ በእሱ ተንገላትቻለሁ።

ነገሩ ከቋንቋችን ይመጣል ባይ ነኝ። አማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። "ዝናብ ስለጣለ፣ መንገዱም ስለተበላሸ አልመጣም" እንላለን። ምክንያቱ ይደረደርና ዋናው ነገር ጫፉ ላይ ይታሰራል። ጆሯችን ማሰሪያ አንቀጹን መጠበቅ ለምዷል። እንግሊዝኛው ግን ብዙ ጊዜ አቋሙን መጀመሪያ ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ወይም እንደ አንቺ ምሳሌ መሃል ላይ በሁለት ሦስት ቃል ይናገርና ምክንያቱን ከኋላ ያስከትላል። አጭር ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል።

እኔን ያዳነኝ ይህ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲያምታታሽ በመካከላቸው "ምክንያቱም" ብለሽ አንብቢ፣ ከዚያ ገልብጪው። "ነጋዴዎቹ ተሳስተዋል፤ ምክንያቱም ርቀት ብቻውን ገበያተኛ አያስቀርም።" ይሄዳል። ስትገለብጪው "ርቀት ብቻውን ገበያተኛ አያስቀርም፤ ምክንያቱም ነጋዴዎቹ ተሳስተዋል" ይሆናል። አይሄድም። እንግዲህ የመጨረሻው ደጋፊ ነው፣ ተደጋፊው "ይህ ግን ስህተት ነው" ነው። ጓደኛሽ ልክ ናት።

የመጨረሻው ግን ተራ መነሻ ብቻ እንዳይመስልሽ። እሱ ራሱ የከብት ገበያው ታሪክ ይደግፈዋል። ከታች ተደግፎ ወደ ላይ ይደግፋል፤ መካከለኛ መደምደሚያ ነው። ፈተናው ሰው የሚያጠምደው በእሱ ነው፣ ምክንያቱም በእርግጥም መደምደሚያ ይመስላል። ዋናው ግን አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። "ይህ ስህተት ነው" የሚለውን ስታገኚ እዚያው አትቁሚ፤ "ይህ" ማን ነው ብለሽ ፍቺው። "ገበያተኛ ይቀንሳል የሚለው ስህተት ነው" ማለቱ ነው። ይጨምራል አላለም! ከምርጫዎቹ መካከል "በአዲሱ ገበያ ገበያተኛ ይጨምራል" የሚል ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። እንዳትነኪው።

ጣርማ በር፦

እውነትህን ነው፣ ገልብጬ ሳነበው ገባኝ። "ምክንያቱም"ን ከዛሬ ጀምሮ እይዘዋለሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

አንኮበሬው፦

ልጆቼ፣ እኔ ይህን የአሜሪካኖቹን ፈተና አላውቀውም። በጥብቅና ግን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና ስለ ሙግት ትንሽ ልበል።

የመንዝ ልጅ ስለ ማሰሪያው ያልከው በሕግ ጽሑፋችንም አለ። ክስ ስንጽፍ የነገሩን ታሪክ እናስቀድማለን፣ ከዚያ ምክንያቱን እንደረድራለን፣ የምንጠይቀውን ዳኝነት ከታች እናሰፍራለን። ዳኛውም ሲፈርድ ክርክሩን ይዘረዝራል፣ ይመረምራል፣ ውሳኔውን መጨረሻ ላይ ያኖራል። ስለዚህ ልጄ፣ ዓይንሽ ወደ ታች ቢሮጥ አይፈረድብሽም።

አባቴ በርስት ሙግት ያደገ ሰው ነበር። በላ ልበልሃ ብሎ መሟገትን ያውቅበታል። ልጆች ሆነን ተጣልተን እሱ ዘንድ ስንቀርብና ነገር ስናበዛ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ "ይሁን፤ ምን ፍረድልኝ ነው የምትለው?" ይለን ነበር። ያን ጊዜ የተናገርነው ሁሉ ይጠራል። በሬው ማሳ ገባ፣ አጥሩ ቀድሞ ፈርሶ ነበር፣ እሱም ባለፈው እንዲህ አድርጎኛል፤ ያ ሁሉ ማስረጃና ታሪክ ነው። የምንፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ ካሳ መክፈል አይገባኝም።

አንቺም አንቀጹን ስታነቢ ጸሐፊውን እንደ ተሟጋች ፊትሽ አቁሚው። ምን ፍረጂልኝ እያለሽ ነው? እሱ መደምደሚያ ነው። በምን ትፈርጅልኛለሽ የሚለው መነሻ ነው። "ነጋዴዎች እንዲህ ይላሉ" የሚለው የባላጋራው ቃል ነው፤ የእሱ አይደለምና ለብቻው አስቀምጪው።

ሎጂክ አስተማሪዋ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ "ምን ፍረጂልኝ" የሚለውን ነገ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

እኔ የምጨምረው፣ ምክንያት የያዘ ንግግር ሁሉ ሙግት አለመሆኑን ነው። ተማሪዎቼ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እነዚህን ሁለቱን እዪልኝ። "ሌሊት ባቄላውን ውርጭ መታው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋስም ሳይኖር ስላደረ ነው።" እና "ዛሬ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋስም የለም።" ቃላቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ግን ሙግት አይደለም። ባቄላው መመታቱን ማንም አይክድም፣ ጠዋት ወጥቶ ቅጠሉ ጠቁሮ ያየዋል። የሚነገረን ለምን እንደሆነ ብቻ ነው፤ ማብራሪያ ነው። በሁለተኛው ውርጩ ገና አልመጣም። ጎረቤት "የለም፣ አይጥልም" ሊል ይችላል። ያንን ጎረቤት ለማሳመን ነው ሰማዩ እንደ ምስክር የተጠራው። ስለዚህ "ስለ" እና "ምክንያቱም" ስታዪ ፈጥነሽ አታክብቢ። የሚያከራክር ነገር አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ መደምደሚያ ፍለጋ አትድከሚ።

እስቲ ይህን ለይተሽ ጻፊልኝ፦ "ከሸዋ ሮቢት የተነሳው መኪና ማታ ነው የሚደርሰው። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዷልና ሾፌሩ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ወጡን አሁን አትጣጂው፤ እንግዶቹ ለምሳ አይደርሱም።"

የጠባሴዋ፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ። ልሞክር።

ምን አድርጊ ነው የሚለኝ? ወጡን አሁን አትጣጂ። ዋናው መደምደሚያ እሱ ነው። ለምን? እንግዶቹ ለምሳ አይደርሱም። ለምን? መኪናው ማታ ነው የሚደርሰው። ለምን? ሾፌሩ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ። እሱስ ለምን? ጉም ስለወረደ። ከጉሙ በታች "ለምን" ብዬ ብጠይቅ አንቀጹ መልስ የለውም፣ እንግዲህ ንጹህ መነሻው ጉሙ ነው። የቀሩት ሦስቱ መካከለኛ ናቸው። "ወርዷልና" ላይ ያለችው "ና" ደግሞ እንደ ፎር ናት፣ መነሻ ጠቋሚ።

ሎጂክ አስተማሪዋ፦

ጎሽ! "ለምን" እያልሽ መውረድሽን ወድጄዋለሁ። አሁን አንድ ደረጃ ልውሰድሽ። አንቀጹ ያልተናገረው፣ ግን እውነት ካልሆነ ሙግቱ የሚፈርስበት ነገር አለ። ምንድን ነው?

የጠባሴዋ፦

እንግዶቹ ያሉት እዚያ መኪና ውስጥ መሆናቸው?

ሎጂክ አስተማሪዋ፦

እሱ ነው። የትም አልተጻፈም። እንግዶቹ ትናንት ገብተው ዘመድ ቤት አድረው ቢሆንስ? ፈተናው ላይ ታሳቢው ምንድን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ይህንን ነው የሚጠይቁሽ። መነሻና መደምደሚያ ካልለየሽ በመሃላቸው ያለውን ክፍተት ልታዪው አትችይም። የገበያውንም እንዲሁ ተመልከቺው። በሬ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ሩቅ ቢሄድ አይገርምም፤ ሽንኩርትና በርበሬ ለመግዛት ግን ያን ያህል ይሄዳል ወይ? ክፍተቱ እዚያ ነው።

የመንዝ ልጅ፦

ስለ ሰዓት ማንም አላነሳም። አንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ነው፤ ለ25 ጥያቄ ስታካፍዪው ለአንዱ 1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይደርሰዋል። ይህ ያስደነግጣል። ግን አሁን ሰዓት አትያዢ፤ መጀመሪያ እጅሽ ይፍታታ። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጨዋታ የሚባለው የእንቆቅልሽ ክፍል ስለቀረ፣ ውጤት ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ ሎጂካል ሪዝኒንግ ናቸው። አንዱ ንባብ ነው። የምትደክሚው ትልቁ ድርሻ ላይ ነው ማለት ነው። የተሳሳተ መልስም ነጥብ አይቀንስም፣ ባዶ የምትተዪው ጥያቄ አይኑር።

የጠባሴዋ፦

እሺ ወንድሜ። የተሳሳትኳቸው 13 ጥያቄዎች ደብተሬ ላይ አሉ። ዛሬ ማታ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኜ፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን "ምን ፍረጂልኝ ይላል" ብቻ ልጻፍ። ጣርማ በር፣ አንተም እየተለማመድክ ከሆነ ነገ የጻፍኩትን እዚህ አስቀምጣለሁ፣ እየገለበጥክ ፈትንልኝ።

ጣርማ በር፦

እጠብቃለሁ እህቴ። እኔም የራሴን አምስት ይዤ እመጣለሁ።